የአቀበቱ አውሬ እንደገና ሲሠራ

የካ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለፈትለወርቅ፤ ድምፄን መስማት ብትተዪም ጽሕፈቴን ለማትስቺው፣

እንዴት ሰነበትሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው በዚህ ብርድ እንዳይብስባቸው እሰጋለሁ፤ ደብረ ብርሃን በየካቲትም እንደማይራራ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ ለወጉ ያህል ነው፤ ደብዳቤው ግን ለወግ የተጻፈ ስላልሆነ የሚያስቸኩለውን ላስቀድም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ነጭ ሚኒባስ ወደ እናንተ ይመጣል። አራት ወይም አምስት ሰዎች ካሜራ ይዘው ይወርዳሉ። እናትሽን ሊቀርጹ ነው የሚመጡት። ቤታችሁን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በር አትክፈቺላቸው። ከተቻለሽ ረቡዕ ዕለት እናትሽን ዘመድ ቤት ውሰጃቸው። አውሬያችንን የተጫወተውን በዳዳን ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይህን ይዞ እንዲመጣ የለመንኩት ለዚህ ነው። በጎረቤትሽ ስልክ ልደውል አስቤ ነበር፤ ነገሩ ግን ጎረቤት የሚሰማው አይደለም። እናትሽ እዚያ የሚታወቁት በጥጥ ፈታይነት ነው፤ ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ የሚያውቅ የለም ብለሽ ለበዳዳ ነግረሽው ነበር። እንዳይታወቅ ነው የምጽፈው።

አሁን ከመነሻው ልንገርሽ።

እዚህ ከሚሌኒየሙ ወዲህ ከተማው በአማርኛ ፊልም ሰክሯል። ሲኒማ ቤት በር ላይ የሚቆመው ሰልፍ የታክሲ ሰልፍ ነው የሚመስለው። የሚታየው ሁሉ ግን ፍቅርና ቀልድ ነው፤ የሚያስፈራ አንድም የለም። ከወር በፊት ሚልኬሳ የሚባል ወጣት ዳይሬክተር አፈላልጎ ቤቴ መጣ። የኮተቤ ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ። «የአቀበቱ አውሬ»ን በእኛ ቪዲዮ ቤት፣ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው ያየው።

«ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድኩም» አለኝ። «እናቴ እርስዎን ስትረግም ነው የከረመችው።»

ፊልሙን እንደ አዲስ ሊሠራው ይፈልጋል። እሱ ሪሜክ ይለዋል። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። ፊልማችንን ሰው የረሳው መስሎኝ ነበር። በሠርግ ካሜራ፣ በሦስት እሁድ፣ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ የሠራነው ነገር አሥራ ሦስት ዓመት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ኖሮ ተመለሰ። ከሚልኬሳ ጋር ስለ ድሮዎቹ የፈረንጅ አውሬ ፊልሞች ስናወራ መሸብን። ማይክራፎን ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ ስተረጉም ታስታውሺኛለሽ። አውሬው ከረግረግ ሲወጣ ጀርባው ላይ ዚፑ ይታይ ነበር፤ አንድም ተመልካች ስቆ አያውቅም። ሰው የሚፈራው አውሬውን እስኪያይ ድረስ ባለው ጊዜ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። እኛም ለዚህ ነበር የእኛን አውሬ ፊት እስከ አርባኛው ደቂቃ የደበቅነው።

ያን የጅብ ፊት የሠሩት እናትሽ ናቸው። ቅርጹን በሸክላ ጭቃ አወጡ፤ እኔ ከምሠራበት ጋዜጣ ያመጣሁትን አሮጌ ወረቀት በዱቄት ሙጫ እየነከርን ደራረብንበት፤ ሲደርቅ ጭቃውን ፈልፍለን ጣልነው። «ጅብ ሲጮህ እሰማለሁ እንጂ ፊቱን መቼ አየሁት» ብለው በዳዳን ፊታቸው አስቀምጠው በእሱ አፍንጫ ልክ አበጁት። በዳዳ እስከ ዛሬ «ጭምብሉ ትርፍ ነበር፤ እኔው እበቃ ነበር» ይላል። እናትሽ በዚያ ሳምንት የሳቁትን ሳቅ ከዚያ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

ቅዳሜ ሚልኬሳ «ጭምብሉን የሠሩትን እናት በፊልሙ መግቢያ ላይ ላመስግናቸው፤ የት ነው ያሉት?» አለኝ። ሠፈሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የበራችሁን ቀለም ሳይቀር ጻፍኩለት። አንድ ሰው በመጨረሻ እናትሽን በስማቸው ጠርቶ ሊያከብራቸው ነው ብዬ ነበር። ለምርቃቱ ከእሳቸው ጋር ትመጪ ይሆናል ብዬም የጓዳውን ጣራ ማሳደስ ጀምሬያለሁ።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ መገናኛ አጠገብ አንድ ኬክ ቤት ተገናኘን። የፖስተሩን ናሙና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እናትሽ ጭምብሉን ጭናቸው ላይ አድርገው የተነሱት ፎቶ ነው። ከሥሩ በቀይ «አውሬውን የሠራችው ሴት ምን አይታ ነበር?» ይላል። ከጎኑ ያቺ ቁራጭ ጋዜጣ አለች። አንቺ በቃልሽ ታውቂያታለሽ፤ እኔም አውቃታለሁ፤

«የአውሬውን የጅብ ፊት የሠሩት የእንጦጦ ሸክላ ሠሪ፣ ከየት እንዳመጡት ሲጠየቁ ፈገግ ከማለት በቀር መልስ አልሰጡም። የሠፈሩ ነዋሪዎች ግን ሴትዮዋ ሲመሽ ወዴት እንደሚሄዱ ስለሚያውቁ በሥራው አልተደነቁም።»

ቡዳ የሚል ቃል የለባትም። አያስፈልጋትም ነበር። ሸክላ ሠሪ፣ ጅብ፣ ሲመሽ። ሦስቱን ጎን ለጎን ያነበበ የቀረውን ራሱ ሞላው።

«ይህን ከየት አገኘኸው?» አልኩት።

«የድሮ ጋዜጣ ከሚሰበስብ ሰው። ጋሼ፣ ፕሮሞሽኑ እኮ ይሄው ነው። ፕሮዲውሰሩ ሲያየው ሊያብድ ነው የደረሰው። ሐሙስ ሄደን እማማን እንቀርጻቸዋለን። ዝም ቢሉ እንኳ ዝምታቸው ይበቃናል።»

«ሴትዮዋ እኮ በዚህ ጦስ ነው ሠፈር ጥለው የሄዱት።»

«ለዚህ ነዋ ስቶሪ የሚሆነው።»

«ውሸት ነው።»

«ያለው ጋዜጣው ነው፤ እኔ መቼ አልኩ? ደግሞ እርስዎ ውሸት መሆኑን በምን አወቁ?»

መልስ ነበረኝ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ፈትለወርቅ፣ ያንን ዜና የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፊልሙን በመጀመሪያው ሳምንት ያየው ሰው አርባ አይሞላም ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ አምስት መስመር ባዶ ቀረ፤ አዘጋጁ «አራሚው፣ አንድ ነገር ሙላበት» አለኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስሜን አላኖርኩበትም። እናትሽን የጠየቃቸው ሰው የለም፤ ፈገግታቸውን የወሰድኩት ከዚያች ሳቃቸው ላይ ነው። የነዋሪዎቹን ነገር ፈጠርኩት። ጋዜጣው በወጣ ማግስት ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ፤ በሩን ዘግተን ሰው መለስን። ያን ቀን አንቺ «ምን ተገኘ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ፊልሙ ጥሩ ስለሆነ ነው» አልኩሽ።

የቀረውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በሦስተኛው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ታመመች። ታይፎይድ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። ሰዎች ልጅቷን ተሸክመው መጥተው እናትሽን «እትፍ ይበሉባትና ትዳን» ሲሏቸው አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ተከራከርሽ። እኔ ከኋላሽ ነበርኩ። እናትሽ የልጅቷን ዓይን አይተው አሳዘነቻቸው። «እኔን አይጎዳኝ፤ ለእሷ የሚበጃት ከሆነ» ብለው እትፍ አሉባት። ከዚያ በኋላ ማንም ማስረጃ አልፈለገም፤ ራሷ አመነች ተባለ። ሾላ ገበያ ጀበናቸውን የሚያነሳ ሰው ጠፋ። ሚያዝያ ላይ ሁለታችሁም ሄዳችሁ። ልከተላችሁ ስል «አንተ ሠፈርህን ጠብቅ» አልሽኝ። የፈረድሽብኝ ዝም ብዬ በመቆሜ ነው። ለዝምታዬ የከፋ ምክንያት እንደነበረው አላወቅሽም፤ እኔም ፍርድሽን እንደ ቅናሽ ተቀብዬው ኖርኩ።

ወሬውን ለጋዜጣ ያቀበለው ልብስ ሰፊው ከበበ ነው ስትሉም አፌን አልከፈትኩም። ከበበ ጥቅምት ላይ ዐርፏል። በዳዳ ለቅሶ አልደረሰም። ዛሬ እውነቱን ነገርኩት።

«አሥራ ሦስት ዓመት ሰላም ያላልኩት ሰው» አለ። «ሚስቱ በመንገድ ሳገኛት ምን ልበላት?»

«እኔ ሄጄ እነግራታለሁ።»

«አንተማ ትሄዳለህ። ደብዳቤውን አምጣ። የምወስደው ለእማማ ብዬ ነው፤ ላንተ እንዳይመስልህ።»

ከበዳዳ በፊት ጠዋት ሚልኬሳ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ከወንበሩ ተነሳ፤ ደግሞ ተቀመጠ።

«ይሄን ካሜራ ፊት ይሉታል?»

«ደብረ ብርሃን ካልሄዳችሁ እላለሁ። ፎቷቸውም ቁራጩም ከፖስተሩ ይውጣ።»

«እኔ እሺ ነኝ። ፕሮዲውሰሩ ግን መኪናውን ተከራይቷል። ዛሬ አናግረዋለሁ፤ ቃል ግን አልገባልዎትም።» በሩ ድረስ ሸኝቶኝ «ያኔ እኔን የሚያስፈራኝ አውሬው ብቻ ነበር» አለ።

ስለዚህ ያለነው እዚህ ላይ ነው። ፊርማዬን ብነፍጋቸው ፊልሙ ይቀራል፤ መኪናው ግን ሊመጣ ይችላል። ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሚነሱበት በር ላይ እገኛለሁ። ከሄዱ አብሬ እሳፈራለሁ። እናንተ በር ላይ ከደረሱ ቀድሜ እወርድና ካሜራው ፊት ቆሜ ማን እንደጻፈው እናገራለሁ፤ ሌላ የሚቀርጹት እስኪያጡ ድረስ እናገራለሁ። ያን ጊዜም ቢሆን በሩን አትክፈቺ፤ ለእኔም ቢሆን።

ፊልሙ እንዲሠራ ትፈልጋለህ ወይ ብትዪኝ፣ ብትታዘቢኝም፣ እፈልጋለሁ። ሚልኬሳ «ሰው አሁን የሚፈራው በኮምፒውተር የተሠራ አውሬ ነው» ይለኛል። ኮምፒውተሩን ይጠቀምበት፤ አውሬውን ግን አሁንም እስከ አርባኛው ደቂቃ ይደብቅልኝ። አቀበቱ ሥር የምትኖረዋ ሴት በእኛ ፊልም ስምም ንግግርም የላትም፤ በአዲሱ ትናገር። የእኛው ሲያልቅ አውሬው ወደ ጫካው ይገባል፤ ሕዝቡ እፎይ ብሎ ይበተናል። አዲሱ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ካሜራውን ሳያጠፋ ትንሽ እንዲቆይ እመኛለሁ። እያንዳንዱ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚያወራ ይሰማ።

ምኞቴ ይህ ነው። ውሳኔው ግን የእናትሽ ነው። ደብዳቤ ስታነቢላቸው የሚያሳዝናቸውን እየዘለልሽ እንደምታነቢ አውቃለሁ፤ ይህን አትዝለዪ። የሚሰማው ግራ ጆሯቸው ነው፤ በዚያ በኩል ተቀመጪና «የጻፍኩት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ስትደርሺ ቀስ በዪ። ከዚያ ፊልሙ ይሠራ ወይስ ይቅር ብለሽ ጠይቂያቸው። ይቅር ካሉ ወረቀቱን ሳልፈርም እመልሳለሁ። ይሠራ ካሉም ስማቸው ይግባ አይግባ የሚሉት እሳቸው ናቸው። በዳዳ መልሱን እንዳሉት ይዞልኝ ይመጣል። ዝም ካሉ ደግሞ ለሚልኬሳ ዝም አሉ እለዋለሁ፤ አልፈርምም፤ አንድ ቃልም አልጨምርበትም።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጻፍኩም። እሱን እዚህ ወረቀት ላይ ከሐሙሱ ጉዳይ ጋር ደርቤ ልጠይቅሽ አልፈለግሁም።

የካ ሚካኤል በክንፉ ይከልላችሁ። ለእናትሽ የጉልበታቸውን ብርታት፣ ለአንቺ የሰላም እንቅልፍ ያድልልኝ።

ለይኩን ወልደ ኢየሱስ