ወደ ቻይና ለሚጓዙት የዝምድና ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ፣ ከቁልፍ ገዢዋ

ለተከበሩ የዝምድና ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ ደኅና፣ ባለቤትዎ ደኅና፣ ልጆችዎ ደኅና፣ ከመቀመጥ ብዛት የሚያስቸግርዎት ወገብዎም ደኅና ይሁንልኝ። ስለ እኔ ካሰቡ፣ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እህልም አልጠላሁም፤ ሌላው ሆድ ይፍጀው።

እኔን ላያውቁኝ ይችላሉ፣ አይፈረድብዎትም። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ በቢሮዎ ደጅ ስመላለስ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እኔ ግን አውቅዎታለሁ፤ አንድ ቀን ደረጃው ላይ በአጠገቤ ሲያልፉ የኮትዎ የግራ እጅጌ ገበሩ ተተርትሮ ተንጠልጥሎ አይቼዋለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ስለሆንኩ ዓይኔ የሰው ፊት ላይ ከማረፉ በፊት ስፌቱ ላይ ያርፋል፣ እንደ ድፍረት አይዩብኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ፣ በጋዜጣ፣ እንድጽፍልዎ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት በመሥሪያ ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበብኩት የእንኳን ደስ ያለዎት ጽሑፍ ነው። በቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ ላይ ለመሠልጠን ለዐሥራ አራት ቀን ወደ ቻይና ይሄዳሉ አሉ። ዘበኛው እንዳጫወተኝ የጉዞ ወረቀትዎ ሁሉ በአንድ ቀን ተኩል አልቋል፤ ግማሿም የተጨመረችው የምሳ ሰዓት ስለገባባት ነው አለኝ። እኔ ደግሞ በቅርቡ ከዚያው አገር ስለመጣሁ፣ ያየ ላላየ መንገር ወግ ነውና፣ የጉዞ ልምዴን እያካፈልኩ የክፍልዎንም ውለታ በዚያው ላመሰግን ብዬ ብዕር አነሣሁ። በቁጥር ያደረግሁት እንዲቀልዎት ነው፤ ቁጥር የሌለው ወረቀት በእናንተ ቤት እንደማይነበብ ተምሬ ወጥቻለሁ።

አንደኛ፣ ለጉዞ ዕቅድ ያስፈልጋል። እኔና እኅቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ስናቅድ ነበር። እኅቴ በገበያ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር ትሸጥ የነበረችው ናት፤ ገበያተኛው «ቁልፊት» ይላታል። በዓመት ሁለት ጊዜ ቻይና ደርሳ ትመጣለች፣ እኔ ደግሞ ከአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ አልፌ አላውቅም፤ ይህ ነገር ያንገበግባት ነበር። የመጨረሻ ልጄ ትምህርት ሲጨርስ ይዤሽ እሄዳለሁ ብላ ባለ ካሬ ደብተር ገዝታ ዕቅዱን በቀን በቀን ጻፈችው። «አንደኛ ቀን፦ ተኚ። ሁለተኛ ቀን፦ የቁልፍ ገበያ፤ አፍሽን ከፍተሽ እንዳትቆሚ፣ ደንበኞቼ ናቸው። ሦስተኛ ቀን፦ እግርሽ ያብጣል፣ አርፈሽ ተቀመጪ። አራተኛ ቀን፦ ጀልባ፤ እንደ ሀብታም ዝም ብለን ወንዝ እናያለን።» ደብተሩንም «እስክመለስ አጥኚው» ብላ እኔ ዘንድ ትታ፣ ከጉዟችን በፊት አንድ የመጨረሻ ዕቃ ላምጣ ብላ ብቻዋን ሄደች። በስምንተኛው ቀን አብሯት የሚነግደው፣ እኛ «ዚፕ» የምንለው ሰው ከዚያው ደወለልኝ። መታጠቢያ ቤት ወድቃ ነው፣ ራሷ ውስጥ ደም ፈሷል፣ ሆስፒታል ናት፣ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም፣ ግን ትናገራለች፣ አንቺን ትጠይቃለች፣ ሐኪሞቹም የሚመጣ ሰው ካለ ይፍጠን ብለዋል አለኝ። እኔም ፈጠንኩ። ፈጥኜ ወደ እርስዎ ዘንድ መጣሁ።

ሁለተኛ፣ ወደ ቻይና የሚገባ ሰው የሚሄድበትን ጉዳይ በወረቀት ማሳየት አለበት። የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ የዝምድና ማረጋገጫ ይዞ ይቀርባል፣ እሱን የሚሰጠው የእርስዎ ክፍል ነው። መስኮት አራት ላይ ያለችው ልጅ፣ ትሕትናዋ የሚመሰገን ነው፣ የኔን ፓስፖርትና የእኅቴን ፓስፖርት ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጣ «እናቴ፣ የአባት ስማችሁ አይገጥምም፤ እኅትማማች አይደላችሁም» አለችኝ። አባቴ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ እንደሞተ፣ እናቴ ሌላ ባል እንዳገባች፣ ከአንድ ማሕፀን እንደወጣን አስረዳሁ። ልጅቷም እንደገባት ነግራኝ፣ ነገር ግን ፎርሙ ላይ የእናት ስም የሚሞላበት ቦታ እንደሌለ በጣቷ አሳየችኝ። እውነትም የለም። የወለደችን ሴት ለዝምድና የማትፈለግ መሆኗን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኋትን፣ ጸጉሯን የጎነጎንኩላትን፣ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ቀን እጇን ይዤ ያስገባኋትን ልጅ አርባ አምስት ዓመት በስሕተት እኅቴ ስል ኖሬ፣ ክፍልዎ በሦስት ደቂቃ ስላረመኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሦስተኛ፣ በመመላለስ ብዛት አንድ መፍትሔ ተገኘልኝ፤ ሁለታችንም ስንወለድ በዓይናቸው ያዩ ምስክሮች ላምጣ ተባልኩ። የሃምሳ ዓመት ነገር ስለሆነ ከእነዚያ ሴቶች አብዛኞቹ መስኮት ወደሌለበት አገር ሄደዋል። የእናቴን ታናሽ ይዤ ብመጣ ዘመድ ለዝምድና አይመሰክርም ተብላ ተመለሰች። ሁለታችንንም ያዋለዱን ጎረቤታችን ግን በሕይወት አሉ፤ ሰማንያ አልፏቸዋል። ሊፍቱ ለሠራተኛ ብቻ ስለሆነ ሦስት ፎቅ በምርኩዝ ወጡ፣ ሲደርሱ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ተጠበቀና «ልጄ፣ የሁለቱንም እምብርት የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከዚህ ሌላ ምን ላምጣልሽ?» ብለው መሰከሩ። ማመልከቻዬ ላይ «ደጋፊ ሰነድ አልተያያዘም» ተብሎ ተጻፈ። ሽማግሌዋ እስከ ዛሬ ጉልበታቸውን ያሻሉ፣ ስምዎንም ያነሣሉ፤ በምን ዓይነት አነጋገር እንደሚያነሡት ግን ጋዜጣ ላይ የሚወጣ አይደለም።

እዚህ ላይ ከቁጥር ውጭ አንድ ነገር ልበልዎ። በነዚያ ቀናት ዚፕ በየቀኑ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይይዝላት ነበር። ምላሷ ከብዷት እየተጎተተ «የት ደረስሽ?» ትለኛለች። እኔም እውነቱን ከመናገር በቀር መላ አጥቼ መስኮት አራት እላታለሁ። አንድ ቀን በግማሽ አፏ ሳቀችና «መስኮት አራት ከቻይና ይርቃል እንዴ?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ዞረው አዩኝ።

አራተኛ፣ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ማን እንዳዘነልኝ አላውቅም፣ ፋይሌ ተቀባይነት አገኘ። የቀረው ሁለቱ ዘመዳሞች በአካል ቀርበው መዝገቡ ላይ መፈረም ብቻ ነበር። አንዷ ዘመድ ቻይና ሆስፒታል ተኝታ እንደሆነ፣ ወረቀቱንም የምፈልገው እሷ ወዳለችበት ለመሄድ እንደሆነ ስናገር፣ የመስኮቷ ልጅ ግራ ተጋብታ እርስዎን ልትጠይቅ ገባች። እርስዎም ስብሰባዎን አቋርጠው የላኩልኝን መልስ እንዳልረሳው በእኅቴ ደብተር ላይ እንዳለ ጽፌዋለሁ፦ «ትምጣና ትፈርም፤ ከፈረመች በኋላ መመለስ ትችላለች።» መመለሷን ስላልከለከሉ አመሰግናለሁ። እኔም ይህ መልስ ይስተካከል ይሆናል እያልኩ ሦስት ቀን ጨምሬ ደጅ ጠናሁ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን አገልግሎትዎን ማስቸገር ተውኩ። ዚፕ እኅቴ ዐሥር ዓመት የገዛችበትን የቁልፍ ፋብሪካ ለምኖ፣ እኔ ታላቅ የቁልፍ ነጋዴ እንደሆንኩና ዕቃ እንዳይ እንደተጋበዝኩ የሚገልጽ ደብዳቤ አስላከልኝ። እኅት ሆኜ በሃያ ሁለት ቀን ያላገኘሁትን ፈቃድ ቁልፍ ገዢ ሆኜ በአራት ቀን አገኘሁት። በሃያ አምስተኛው ቀን ስልኩ ላይ «የት ደረስሽ?» የሚለኝ ድምፅ አልመጣም፤ ዚፕ ተኝታለች አለኝ፣ እኔም መተኛቷን አመንኩ። ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ስለነበር ማመን ነበረብኝ። ስደርስ ሁለት ቀን ቀድማኝ ሄዳለች።

አምስተኛ፣ አሁን ስለ አገሩ ልንገርዎ፣ ዋናው እሱ አይደል። ቻይና ሁሉም ሰው ሙቅ ውሃ ነው የሚጠጣው፤ በባቡር ጣቢያው፣ በገበያው፣ በሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ሳይቀር የፈላ ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ አለ፣ እርስዎም ክዳን ያለው ኩባያ ይያዙ። እኅቴ ደብተሩ ላይ «ሙቅ ውሃ ሲሰጡሽ ታመምኩ ብለሽ እንዳትደነግጪ» ብላ ጽፋልኛለች። ባቡሩ በተባለው ደቂቃ ይነሣል፤ ይህ ለሥልጠናዎ የሚጠቅም ቢሆንም ያልለመደ ሰው ልብ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ እሰጋለሁ። ቋንቋ አያስጨንቅዎት፣ ለስልኩ በራስዎ ቋንቋ ይነግሩታል፣ እሱ በነሱ ቋንቋ ይናገራል። የኔ ስልክ መጀመሪያ የተረጎመው ነገር የሚከተለው ነው።

ስድስተኛ፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ነጭ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ መነጽር ያደረገ ሰው ለስልኩ ተናገረ፣ ስልኩም «ሟች ለእርስዎ ምን ናት?» አለኝ። እኅቴ ናት አልኩት። ሰውዬው የእኅቴን ፎቶ አየ፣ እኔን አየ፣ አፍንጫችንን አየና ጻፈ። መርፌ ላይ ክር ከማስገባት ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደበት። አሠልጣኞችዎን ስለዚህ አሠራር ቢጠይቋቸው ያስረዱዎታል። ከዚያ ግን አስከሬኗን በአውሮፕላን ለመላክ የአገራችን ማኅተም ያለበት የዝምድና ማረጋገጫ ያስፈልጋል አለኝ፣ ሕጋቸው ነው፣ በእሱ አልፈርድም። እኔ ይዤ የነበረው ቁልፍ ገዢ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት ነው። ዚፕ ወደ ቢሮዎ ዐሥራ አንድ ጊዜ ደወለ፤ አንዴ ተነሣለት፣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባለ።

ስድስት ቀን ታገሡን፣ ሁለት ቀን ጨመሩልን። በኛ ቤት ሰው ወደ አፈር ይገባል፣ ወደ እሳት አይገባም፤ እናታችን ከተኛችበት አጠገብ ቦታዋን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ለአስከሬን ብዙ ወረቀት ይጠየቃል፤ ለአመድ ፊርማ ይበቃል። ፈረምኩ።

ሰባተኛው የጉብኝት ነው። የመመለሻዬ ቀን እስኪደርስ በእኅቴ ዕቅድ ዞርኩ፤ ሌላ የማውቀው መንገድ አልነበረኝም። አንደኛ ቀን ተኚ ያለችውን አልቻልኩም። የቁልፍ ገበያው ስድስት ፎቅ ነው፤ አፌን ከፍቼ ቆምኩ፣ አሳፈርኳት። ደንበኛዋ የሆነችው ሴትዮ ፎቶዋን ሳሳያት መሳቢያ ከፍታ አንድ ከረጢት አወጣች፤ እኅቴ ከመውደቋ ሁለት ቀን በፊት ያዘዘችው የዩኒፎርም ሸሚዝ ነጭ ቁልፍ ነው፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ለኔ። እኔ ሁልጊዜ ሁለት ቀዳዳው ቶሎ ይበጠሳል እያልኩ እነዘንዛት ነበር። በአራተኛው ቀን ጀልባ ተሳፈርን። የአመዷን ሣጥን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሀብታም ዝም ብለን ወንዝ አየን። ጀልባው ላይ የነበሩ ሰዎች ጣፋጭ ያመጣሁ መስሏቸው ፈገግ ይሉልኝ ነበር። ወንዙ ቡናማ ነው፣ ሰፊ ነው፣ እርስዎም እንዳያመልጥዎት።

ስምንተኛ ብዬ ነበር፣ ግን ምን እንደነበረ ጠፋኝ። ውሃ እያሳሳቀ ሲወስደው ሰው የሚቆጥረው ነገር ይጠፋበታል።

ክቡር ሆይ፣ መንገድዎ የቀና፣ አልጋዎ የለሰለሰ፣ ሥልጠናዎ የሰመረ ይሁንልዎ። በዚያ አገር ሳሉ ጤናዎን ይጠብቁ፤ ምናልባት ክፉ ነገር ቢያጋጥምዎና የሚመጣልዎት ወገን ቢያስፈልግ፣ ያ ወገን ከእርስዎ ጋር የአባት ስሙ የሚገጥም እንዲሆን፣ ወረፋውም ከእርስዎ መስኮት ውጭ በሌላ መስኮት እንዲሆንለት ከልቤ እመኛለሁ።

ዝምድናዋ እስከ ዛሬ ያልተረጋገጠ፣ የክፍልዎን ደረጃዎች ቁጥር በቃሏ የያዘች፣ ውለታዎን እስክትሞት የማትረሳ አክባሪዎ፣

የዩኒፎርም ሰፊዋ፣ በፈቃድ ወረቀቷ ላይ የቁልፍ ገዢዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ሳለሁ ከክፍልዎ በስልኬ መልእክት ገባልኝ። የዝምድና ማረጋገጫ ጥያቄያችን እንደጸደቀና ማክሰኞ ጠዋት ሁለታችንም በአካል ቀርበን መስኮት አራት ላይ እንድንፈርም ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፣ እኔ ግን ጥሪ አላቃልልም፣ እንመጣለን። እኅቴ ጭኔ ላይ ስለምትቀመጥ ወንበር አንሻማም፣ ሊፍትም አንጠይቅም። የጣት አሻራዋን በሚመለከት ብቻ ምን እንደምናደርግ ከወዲሁ ስብሰባ ቢያደርጉበት ጥሩ ነው። ኮትዎንም ይዘውት ይውረዱ፤ ተራችን እስኪደርስ የእጅጌውን ገበር እሰፋልዎታለሁ፣ የተበጠሰ ቁልፍ ካለም አያስቡ፣ ቁልፍ አለን።