የቸርኬው ማዞሪያ

ኅዳር 18
ዛሬም የሸሚዜን ቁልፍ ባለቤቴ ትርንጎ ቆለፈችልኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩላት። «ትንፋሽህን ያዝ፣ ሆድህ ጨምሯል» አለች። ከታመምኩ ወዲህ ግራ እጄ አለ ለማለት ያህል ነው... ይንጠለጠላል። ሐኪሙ «ያሠሩት፣ ዝም ብለው አያስቀምጡት» ብሎ የምጨብጠው ኳስ ሰጥቶኛል። ኳስ ስጨብጥ ልዋል? በዚህ ዕድሜዬ?
ለማንኛውም ተመስገን። ቀኜ ደህና ነው። አፌም ተመልሷል። ትርንጎ «እሱስ ትንሽ ቢቆይ ምን ነበረበት» ትላለች።

ኅዳር 21
መምህር ዳኛቸው መጣ። በጥር ሊያገባ ነው፣ ሙሽራዋን የሚያመጣት በአባቱ ቮልስ ነው። ቦዲው ባሕር ዳር ተቀብቶ መጥቷል፣ ያምራል። የጎማዎቹን ቸርኬዎች ግን ዝገት በልቷቸዋል። «ጋሼ ወርቁ፣ አባቴ ይቺን መኪና ከእርስዎ በቀር ማንም ቀለም አይቀባትም ይሉ ነበር» አለኝ። ነፍሳቸውን ይማረው። እጄን አላየም እንዴ? አይቷል። አይቶም ቸርኬዎቹን አራግፎልኝ ሄደ።
እሺ ያልኩት ምን ነክቶኝ ነው?

ኅዳር 23
አልሆነም። ቸርኬ ሲቀባ አንዱ እጅ ያዞራል፣ አንዱ ይረጫል። በርሜል ላይ አስቀምጬ እኔው ዙሪያውን ልሽከረከር ሞከርኩ... የመርጫው ቱቦ እግሬን ጠለፈኝ። ቀለሙ ተዝረከረከ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትርንጎ ገበያ ወጥታ ነበር፣ እንኳን አላየችኝ።
ይህን ካልቻልኩ በቃ። ካሳው ኮምፕረሰሩን ይሽጡልኝ ካለኝ ሰንብቷል። ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬ የራሱ ጋራዥ አለው፣ ይሥራበት። ግን ቀለም ካልቀባሁ ምን ልሆን ነው?

ኅዳር 25
ካሳው ኮምፕረሰሩን ሊያይ መጣ። ቸርኬዎቹን አየ። እኔን አየ።
«ጋሼ፣ ይሄን ማን ያዞርልዎታል?»
«ማንም።»
ኮምፕረሰሩን ሳይነካው ወጣ። ተቀየመኝ ይሆን?

ኅዳር 27
አልተቀየመም! የወዳደቀ ባጃጅ ሞዞ፣ ጎማው የሚዞርበትን እምብርት፣ ከነኩሽኔታው ይዞልኝ መጣ። ብረት አቁሞ፣ የብረቱን እግር በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ በሲሚንቶ ተከለው። ሞዞውን አናቱ ላይ በየደ። ቸርኬው እላዩ ላይ በቡሎን ይታሰራል፣ ወዲያ ወዲህ አይልም። ከጎኑ የሳይክል ፔዳል አበጀለት፣ ፔዳሉን ሲገፉት ቸርኬው ይዞራል።
«ግራ እጅዎን እዚህ ላይ ያሳርፉት» አለኝ። አሳረፍኩት። በትከሻዬ ገፋሁት... ዞረ! ቀስ ብሎ፣ እያመነታ፣ ግን ዞረ። ካሳውን አገላብጬ ሳምኩት።

ኅዳር 30
ግራ ክንዴን ይቆረጥመኛል። ስንት ወር ድንዝዝ ብሎ ኖሮ! ተመስገን ስል ትርንጎ ሰምታ «አሁንስ አበደ» አለች።

ታኅሣሥ 3
የቡሎን ቀዳዳዎቹ ቀለም እንዳይነካቸው በጨርቅ ብወትፍ ጨርቁ ይወልቃል። ትርንጎ የበቆሎ ቆረቆንዳ ቆራርጣ ወተፈችልኝ። ልክክ አለ። ማድረቂያውንም ሠራሁ፣ ሽቦ ቀልብሼ ጣራው ላይ አንጠለጠልኩ። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ አልቋል።

ታኅሣሥ 6
ጉድ ሆንኩ።
ቀለሙ ቤት ውስጥ እንዳይሸት ብዬ ማዞሪያውን ጓሮ አውጥቼ የመጀመሪያውን ቸርኬ ቀባሁ። ክሬም፣ ድሮ ለአባትየው እንደቀባሁት። እንደ መስታወት አበራ። ጎረቤቴ ሞላ ከአጥሩ ማዶ አውድማው ላይ ጤፍ እያዘራ ነበር። ከጋፋት በኩል ነፋስ መጣ... የሞላ እብቅ በሙሉ ቸርኬዬ ላይ ሰፈረ! በታኅሣሥ፣ አውድማ አጠገብ፣ ደጅ ላይ ቀለም የሚቀባ እንደ እኔ ያለ ቂል የት ይገኛል?
ጮኽኩ። ሞላ አጥሩን ተሻግሮ መጣና «እንዴ ወርቁ፣ ጤፍ አበቀልክ!» ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ፣ ልመታው ቃጣሁ።
«አንተ! እጅህ!» አለኝ።
አየሁት። የተነሳው ግራው ነው። ደረቴ ጋ ደርሶ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሞላ «በል ምታኝ፣ ግድ የለም፣ ምታኝ!» አለኝና ተቃቅፈን ሳቅን። የእኔስ ሳቅ ብቻም አልነበረም።

ታኅሣሥ 7
ሞላ በጠዋት መጣ፣ የሚወቃበትን አዲሱን ሸራ ተሸክሞ። ማዞሪያውን ዙሪያውን በሸራው ጋረደልኝ፣ ቤት አደረገው።
«እህልህንስ ምን ላይ ልትወቃ?»
«አባቴ በሸራ ነበር የሚወቃው? አውድማውን በእበት ለቅልቄዋለሁ።»
እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ምን ሌላ ቃል አለ? እሱ ነፋስ ይለምናል፣ እኔ ነፋስ እንዳይመጣ እለምናለሁ... እግዜርም ግራ ሳይገባው አይቀርም።

ታኅሣሥ 13
እብቅ የበላውን እንደገና ፍቄ ቀባሁት። ሌሎቹንም። ቀኜ ይረጫል፣ ግራዬ ፔዳሉን ይገፋል። አንድም ቦታ አልተዝረከረከም። ትርንጎ የተንጠለጠሉትን አይታ ግንባሬን ሳመችኝ።

ታኅሣሥ 20
ሸራውን አጥቤ ለሞላ መለስኩ። አንድ ጥግ ላይ ክሬም ቀለም ነክቶታል፣ አልለቅ አለ። «ተወው፣ ሳየው ትዝ ትለኛለህ» አለኝ። ኮምፕረሰሩን ካሳው መልሶ አልጠየቀኝም። እኔም አላነሳሁበትም።

ጥር 14
የዳኛቸው ሰርግ። ቮልሱ በአስፋልቱ ሲመጣ ሰው ሙሽሮቹን ያያል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ቸርኬ አያለሁ። ሲዞሩ እንዴት ያምራሉ!
ጠዋት ትርንጎ የራሷን ቀሚስ ስታስተካክል ቆየችብኝ። ልታለብሰኝ ስትመጣ ለብሼ ቆሜያለሁ። ሁሉንም ቁልፍ፣ በሁለት እጄ። እጇን ወደ ደረቴ እንደዘረጋች ቀረች። አዛንፌ ነው የቆለፍኩት፣ አንዱ ጎን ወደ ላይ ወጥቷል።
«አስተካክዪው እንጂ» አልኳት።
«አልነካውም» አለች። እንባዋ መጣ። እንደዚያው ዘንፌ ሄድኩ።
ሰርጉ ቤት ሞላ አጠገቤ ተቀመጠ። «ወርቁ፣ ሸሚዝህ ዘንፏል፣ ና ላቃናልህ» ብሎ እጁን ሲሰድ ትርንጎ ከማዶ ጮኸችበት፣
«እንዳትነካው!»