ቁልፉን በጊዜው ያስረከቡት ሹፌር፦ የአቶ ሳህሉ ስንታየሁ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሳህሉ ስንታየሁ ከአባታቸው ከአቶ ስንታየሁ ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉ አስፋው በ1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቀበና ተወለዱ። በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ዘመናዊ ትምህርታቸውንም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታተሉ። መንዳት ያስተማሯቸው የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩት አባታቸው ናቸው። እሳቸውም በዚያው ሙያ ጸኑ።

በ1971 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማሚት ተፈራ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሩትንና ናሆምን አፍርተዋል። በ1987 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው በናይሮቢ በኩል ሴንት ፖል ገቡ። ጥቂት ዓመታት በመኪና ማቆሚያ ከሠሩ በኋላ የስኩል ባስ፣ ማለትም የተማሪዎች አውቶቡስ፣ ሹፌር ሆኑ፤ ከሃያ ዓመት በላይም በዚህ ሥራ አገለገሉ።

አቶ ሳህሉ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። መንገዱ በረዶ ለብሶ፣ የመገናኛ ሬዲዮው እየጠራቸው፣ ከኋላ ልጆቹ እየተንጫጩ፣ ለሁሉም መልስ ነበራቸው። ጠዋት ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት ግን ከአውቶቡሱ ጎን ቆመው ዘጠናኛውን መዝሙር ይደግሙ ነበር። ዳዊት እየተራመዱ አይደገምም ብለው ያምኑ ነበር።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ፊዚዮቴራፒስት የሆነችው ልጃቸው ሩት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ቤተሰቡ በሴንት ፖል በሚሳለመው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አረጋውያንን ትመረምር ነበር። ተመርማሪው መጀመሪያ ዝም ብሎ ይራመዳል፤ ቀጥሎ በቃሉ የሚያውቀውን ነገር እየተናገረ ይራመዳል። አእምሮ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ መያዝ ሲያቅተው እርምጃ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቆማል። የመርሳት ሕመም ገና ብዙ ሳያስረሳ እንዲህ በአረማመድ ላይ ሊታይ ይችላል። አቶ ሳህሉ በመጀመሪያው ዙር እንደ ወጣት ተራመዱ። በሁለተኛው ዳዊታቸውን መረጡ፤ ገና ሲጀምሩም ቀጥ ብለው ቆሙ።

ሩት ደነገጠች። ወይዘሮ ማሚት ግን ተቆጡ። «ዳዊት ሲደግም የቆመ ሰው ታመመ ይባላል እንዴ? ወግ ነው እንጂ!» አዳራሹ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ሆነ። ሩትም የአባቷን ወግ ስለምታውቅ ነገሩን አልገፋችበትም። አቶ ሳህሉ ያንን የበረዶ ወቅት በሙሉ የሰው ልጅ ጭነው አሽከረከሩ። በእነዚያ ወራት በአንድም ሕፃን ላይ ጉዳት ስላልደረሰ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ እግዚአብሔርን ያመሰግናል።

በፋሲካ ማግስት አባትና ልጅ የከተማው ባቡር መሐል ለመሐል የሚያልፍበትን ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የተባለ ጎዳና ሲሻገሩ ናሆም «ዳድ፣ ምሳ የት እንብላ?» ብሎ ጠየቃቸው። አቶ ሳህሉ መልስ ለመስጠት የባቡሩ ሐዲድ ላይ ቆሙ። ደወሉ እየጮኸ ናሆም ክንዳቸውን ይዞ ጎትቶ አሻገራቸው። ሩት ይህን ስትሰማ ወዲያው የሐኪም ቀጠሮ ያዘችላቸው። አባቷ በዚያች ሰዓት ዳዊት እየደገሙ አልነበረም።

በሚኒያፖሊስ ክሊኒክ የቀረበላቸው ጥያቄ የተለየ ነበር፤ እየተራመዱ የኢትዮጵያን ወራት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲጠሩ ተነገራቸው። ሩት ዓይኗን ከእግራቸው ላይ አልነቀለችም። ጳጉሜን አሉ፣ ነሐሴ አሉ፣ ሐምሌ አሉ። ሰኔን ሊጠሩ ሲሉ እግራቸው ቆመ። ወደ ልጃቸው ዞረው «ሩትዬ፣ መቼም ሰኔ ጸሎት አይደለችም» አሉ። የሳቀ አልነበረም።

ሐኪሞቹ ይህ ምርመራ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አስረድተው ሌሎች ምርመራዎችን አደረጉ፤ ሕመሙም በጅምር ላይ እንዳለ ተረጋገጠ። የመንዳታቸው ጉዳይ በሌላ ፈተና እንደሚታይም ነገሯቸው። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ አቶ ሳህሉ የሥራ ጃኬታቸውን ለብሰው ወጡ። ወይዘሮ ማሚት ደወሉ፤ ሩት ወደ አውቶቡሶቹ ግቢ በረረች። አባቷ ከአውቶቡሳቸው ጎን ቁልፉን ጨብጠው ቆመው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ጸሎት አይቋረጥምና፣ የአውቶቡሱን በር ከፍተው ይግቡ አይግቡ ሳታውቅ ቆማ ጠበቀች። ሲጨርሱ አልገቡም። ሹፌሮችን ወደሚመድቡት የሥራ ባልደረባቸው ወደ አቶ ባድሩ ሄደው ቁልፉን አስረከቧቸው። «ባድሩ፣ ልጆቹ ከኋላ ሲያወሩኝ እኔ መልስ መስጠቴ አይቀርም። ሌላ ሰው ፈልግላቸው።»

ከዚያ ወዲህ አቶ ባድሩ በበረዶ ወራት ሜፕልዉድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ አብረዋቸው ይራመዱ ነበር። ሲሄዱ ዝም ይላሉ፤ ጨዋታ ሲኖር «ጋሽ ሳህሉ፣ ይቁሙማ፣ ወሬ ይዣለሁ!» ይሏቸዋል፤ አንዱ ሱቅ ፊት ቆመው ይሳሳቃሉ። ቤተሰቡም ይህንኑ ለመደ። ሕመሙ ቀስ በቀስ ስማችንን እስኪያስረሳቸው ድረስ ከእሳቸው ጋር ብዙ ቆመን ብዙ ተጫውተናል። ጊዜውን ያገኘነው በጊዜ ስላወቅን ነው።

አቶ ሳህሉ በሳንባ ምች ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሚት፣ ልጆቻቸው ሩትና ናሆም፣ የልጅ ልጃቸው ሊዲያ፣ ወዳጃቸው አቶ ባድሩና በሴንት ፖል ዛሬ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱ ብዙ ተሳፋሪዎቻቸው ያስቧቸዋል።

ዛሬ ወደ መቃብራቸው ስንሸኛቸው፣ እንዳስለመዱን፣ ዝም ብለን እንራመዳለን። ስንደርስ ቆመን ዘጠናኛውን መዝሙር እንደግምላቸዋለን። እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር፣ ሰው እየተራመደ በሚጫወትበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።