የአባትሽ ቢላዋ

ታዲያ ማንን ልጠርጥር ነበር፣ ናኩሚቻ? ወንድሜ ማሲንዴ እንደ አገራችን ወግ በጉርምስናው የተገረዘ ለት ደሙ አልቆም ብሎት ሲሞት፣ ቢላዋውን የያዙት አባትሽ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ "መርዝ ቀብቶበት ነው" እያልኩ በየገበያው ስማቸውን ሳጠፋ፣ አንቺ ጎረቤቴ እየሰማሽም ከደጄ አልቀረሽም።

ዛሬ እዚህ ኤልዶሬት ከተማ ሆስፒታል የደም ሐኪሟ የሴት ልጄን ልጅ ሲሚዩን ከመረመረች በኋላ፣ "እማማ፣ ከዘመድ እንዲህ የደማ አለ?" አለችኝ። መቼስ አፌን ታውቂዋለሽ፤ ማሲንዴንም የእናቴን ወንድሞችም ዘረገፍኩላት። ለጥናቷ የዘር ሐረጋችንን በወረቀት ላይ እየጻፈች የደሙትን በቀይ ስትከብባቸው፣ ቀዩ ከእናቴ ወገን ተነስቶ በእኔና በልጄ አልፎ ሲሚዩ ላይ ወረደ።

"እነዚህ ወንዶች ደም የሚያረጋው ነገር ከተወለዱም ጀምሮ የላቸውም። እናቶች ሳያውቁ ነው የሚያወርሱት" አለች።

"ገራዡስ?"

"ገራዡ ምን አጠፋ?"

ደም የሚያቆመው መርፌ እዚህ አለ፤ እኛ መንደር ግን ቁስል ላይ ከሚደረግ ቅጠል በቀር ምን አለ? ነሐሴ ላይ እኩዮቹ ሲገረዙ ሲሚዩ አይወጣም። ፈሪ ብሎ የሚዘፍንበት ካለ፣ አያቱ መጣችልህ በይልኝ።

ስመለስ አባትሽ መቃብር ትወስጂኛለሽ? እንቢ ብትይም አልቀየምሽም። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። ይኸው ነርሷ በር ላይ ቆማ እየጠራችኝ ነው፤ አሁን ደግሞ የእኔን ደም ይፈልጉታል።