ሦስት ተማሪዎች አንድ ዓይነት መልስ ስላገኙበት ከባድ ወንጀል

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ይሄነው
የንጋት በር ኮሌጅ የመካነ ሰላም ቅርንጫፍ ዲን
ግልባጭ፦ ይህ ወረቀት እጁ ለገባ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤና፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ አባላት ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ዜማ የማስተምር፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎ የማርያማዊት አባት መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከጠዋት ጀምሮ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ቢሮዎ በር ላይ ተቀምጬ ስለዋልኩ ሳያዩኝ አልቀሩም ብዬ እገምታለሁ፤ ሲወጡም ሲገቡም እየተነሣሁ እጅ ነሥቻለሁ፤ እርስዎም በስልክ ትልቅ ጉዳይ ይዘው ስለነበር አልተቀየምኩም።

ጉዳዬን ሳላስረዝም ልንገርዎ። ልጄ እስከ መጪው አርብ ድረስ የቤት ሥራ ገልብጫለሁ፣ ጥፋቴንም አምኛለሁ ብላ ካልፈረመች ከኮሌጁ እንደምትሰናበት የሚገልጽ ማስታወቂያ ከነፎቶግራፏ ሰሌዳችሁ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። ፎቶው ላይ አምሮባታል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ልጄ አልገለበጠችም። ይህን የምጽፍልዎት ያላደረገችውን አደረግሁ ሳትል ትምህርቷን እንድትቀጥል ለመለመን ነው፤ ልመናዬ ቁጣ ቁጣ ከሸተተዎት ተናድጄ ስለሆነ ይቅር ይበሉኝ።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። ማርያማዊት፣ ከከላላ የመጣችው በለጥሻቸውና የዚሁ የመካነ ሰላም ዙሪያ ልጅ የሆነችው ፈርሂያ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። መምህራኖቻችሁ የአካውንቲንግ፣ የስታትስቲክስና የባዮሎጂ አሳይመንት በአንድ ሳምንት ሰጧቸው። ቤተ መጻሕፍታችሁ ውስጥ ያለው የባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እሱም ከዚያው ከጠረጴዛው ስለማይነሣ፣ ልጄ ሄዳ ታነባለች፣ ያነበበችውን በቃሏ ይዛ ትመለሳለች፣ ከዚያ ጓደኞቿን ታስቀጽላለች። ማስቀጸል ማለት፣ እርስዎ ከዘመናዊው ወገን ስለሆኑ ላስረዳዎትና፣ አንዱ ቀለሙን እያወጣ ሌላው ከአፉ እየተቀበለ፣ እስኪያዝ ድረስ እየደጋገሙ የሚማሩበት የእኛ ቤት ወግ ነው። ማርያማዊት ከእኔ ተማሪዎች ጀርባ ተቀምጣ እየሰማች ስላደገች ሌላ ዓይነት ጥናት አታውቅም። ፈርሂያም የቁርአን ቤት ልጅ ስለሆነች በቃል በመያዝ ከእኛ ልጆች አታንስም፤ እንዲያውም ልጄ እንደነገረችኝ ትበልጣቸዋለች።

ማርያማዊት ለመያዝ እንዲቀላቸው ብላ የሴል ክፍፍልን ዜማ ሰጥታው ነበር። አከራያቸው ጠዋት ጠዋት ሂጃብ ካደረገች ልጅ አፍ በዕዝል ዜማ አናፌዝ፣ ሜታፌዝ ሲባል እየሰሙ ግራ ቢገባቸው፣ ይህ ደግሞ የየትኛው ሃይማኖት ጸሎት ነው ብለው ጠየቁ፤ ፈርሂያም የባዮሎጂ ነው እማማ ብላ መልሳላቸዋለች። ይህን ስሰማ ስቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን እንደ ወጉ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በክሱ ላይ ሦስቱም ተማሪዎች በአካውንቲንግና በስታትስቲክስ ፍጹም ተመሳሳይ ቁጥር አምጥተዋል ተብሎ ተጽፏል። የአካውንቲንጉ ጥያቄ አንድ ድርጅት የገዛው የጭነት መኪና በየዓመቱ ዋጋው ምን ያህል እንደሚቀንስ አስሉ የሚል ነው፤ የስታትስቲክሱ የተሰጡትን ቁጥሮች አማካይ አውጡ፣ ደግሞም ከመጫወቻ ካርታ መካከል የተመዘዘው ንጉሥ የመሆን ዕድሉን ፈልጉ ይላል። የእኔ ልጅ በዕድሜዋ ካርታ አይታ ስለማታውቅ ከረንቦላ ቤት ደጅ ቆማ በካርታ ውስጥ ስንት ነገሥታት እንዳሉ ጠይቃ መጥታለች፤ በዚህም ምክንያት የመሪጌታው ልጅ ከረንቦላ ቤት ታየች ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ወሬ መጥቶብኛል። ይሁን፣ ስለ ትምህርት ሲባል ሐሜትም ይቻላል። ያልገባኝ ግን ሦስት ሰዎች አንድን ሒሳብ በትክክል ሲሠሩ ስንት ዓይነት መልስ እንዲያመጡ ይጠበቅባቸው እንደነበር ነው። ኮሚቴዎ ትክክለኛ መልስ ለአንድ ሰው ብቻ ይፈቀዳል የሚል ደንብ ካለው ቢያሳውቀን፣ ለወደፊቱ አንዷ ትክክሉን ጽፋ ሁለቱ እንዲሳሳቱ ከወዲሁ እንመክራቸዋለን።

ሁለተኛ፣ ከባዱ ክስ የባዮሎጂው ነው። የሦስቱም መልስ ቃል በቃል አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ይባስ ብሎ ስሕተታቸውም አንድ ሆነ። ሦስቱም አናፌዝን ከሜታፌዝ በፊት አስገብተዋል። ይህ እውነት ነው፣ አልክድም። ልጄ ቀለሙን ስታወጣ ሁለቱን ደረጃዎች አቀያየረች፤ የተቀበሏት ጓደኞቿም እንደሰሙት ያዙት። በእኛ ቤት መሪው ሲስት ተከታዩ አብሮ ይስታል፤ መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ ስሕተት በሰማ ጊዜ ማነው ያስቀጸላችሁ ብሎ ይጠይቅና ሁሉንም እንደገና ያቀናቸዋል። ሌባ ብሎ አያባርራቸውም። በእናንተ ቤት ግን ሦስት ልጆች አንድ ቦታ ላይ በመሳሳታቸው መስረቃቸው በማያሻማ ሁኔታ ተረጋግጧል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ሦስቱ ፊቱ ሲቀርቡ እንዴት አጠናችሁት ብሎ መጠየቅ ለኮሚቴው ይህን ያህል ከባድ ሥራ ነበር ወይ?

ሦስተኛ፣ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ስላለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እንደሚያውቁት፣ ሳያውቁ ይቀራሉ ብዬ ክብርዎን አልነካም፣ አሳይመንት እዚያ ተሠርቶ ይሸጣል። ባለቤቱ ሥራውን የሚያከብር ሰው ስለሆነ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ዐረፍተ ነገሩን እየገለባበጠ፣ ከፊቱ ያለውን ከኋላ እያደረገ ያትምለታል። ከዚያ የገዙት ተማሪዎች ሁሉ በራሳቸው አገላለጽ በመጻፋቸው ምስጋና ተችሯቸዋል። ለዚህ አስተዋይነት ኮሌጁን ከልብ አመሰግናለሁ፤ የሀገራችን መጻኢ የሒሳብ ሠራተኞች እነማን እንደሆኑ ከወዲሁ አውቀናል።

አራተኛ፣ ልጆቹ ኮሚቴው ፊት ሲቀርቡ አንድ ነገር ብቻ ለምነው ነበር። ያለ ወረቀት፣ ያለ መጽሐፍ አቁማችሁ ጠይቁን፤ ከገለበጥን ይለያል፤ ካወቅን ይታወቃል ብለው። ሰብሳቢው በቃል መፈተን የሚባል ነገር በመመሪያው ውስጥ የለም ብለው መለሱላቸው። እኔም ይህንኑ ልለምን መጥቼ ደጅ ስጠና የባዮሎጂ መምህራቸውን መምህር አምላኩን አገኘሁ። ትሑት ወጣት ነው፣ ጎንበስ ብሎ እጄን ስሞ፣ መሪጌታ፣ ልጆቹ እንዳልገለበጡ እኔም አውቃለሁ፣ ማርያማዊት ክፍል ውስጥ ስጠይቃት እንደ ውኃ ነው የምታወርደው አለኝ። ታዲያ ለምን አልተናገርክም ብዬ ብጠይቀው፣ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ሁሉም ሲፈርም እኔም ፈረምኩ አለኝ። እንግዲህ ያላየውን አየሁ ብሎ የፈረመው መምህር በሥራው ላይ ነው፤ ያላደረገችውን አደረግሁ ብላ አልፈርምም ያለችው ተማሪ ትባረራለች። የመመሪያችሁ ጥልቀት እንደኔ ላለ የገጠር ሰው የሚደረስበት አይደለም።

አምስተኛውን እንደ ሌሎቹ አሽሟጥጬ ልጽፈው ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ። እንደምንም እነግርዎታለሁ።

በለጥሻቸው ወዲያው ፈረመች። አልፈርድባትም፤ እናቷ በሽተኛ ናት፣ ተባረርኩ ብላ ቤቷ መግባት አትችልም። አሁን ክፍል ውስጥ አንገቷን ደፍታ ትማራለች፣ ከልጄም ጋር ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ፈርሂያ ግን ቁርአን ይዤ እምላለሁ እንጂ ይህን አልፈርምም ብላ ከኮሚቴው ፊት ወጣች። ስንብቷ በማግስቱ ተለጠፈ፤ ልጄ ግን አባቴን ላማክር ስላለች ቀን ተሰጥቷት ነው እስካሁን የቆየችው። ልጅቷ ሰፈር ውስጥ ሌባ ተማሪ መባሉን አልቻለችውም፤ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ፣ ደሴ አክስቴ ጋ ደርሼ እመጣለሁ ብላ በሚኒባስ ሄደች። አክስቷ ጋ አልደረሰችም። ደላላ አግኝቷት ከሌሎች ልጆች ጋር በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ መሄዷን የሰማነው ቆይቶ ነው። እናቷ ወይዘሮ ፈይዛ አንድ ጊዜ ብቻ በማያውቁት ሰው ስልክ ድምጿን ሰምተዋል፤ እማ፣ ውኃ የለም፣ ዱዓ አድርጊልኝ ብላ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ያ ስልክ አይሠራም።

ወይዘሮ ፈይዛ እኔ ቤት ይመጣሉ። ፈርሂያን ያስጠናቻት ልጄ ስለሆነች የልጃቸውን ነገር ከማርያማዊት አፍ መስማት ይፈልጋሉ። ምን ትበላ ነበር፣ ምን ትል ነበር፣ ማታ ይበርዳት ነበር ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ማርያማዊት እየመለሰችላቸው ታለቅሳለች፤ እሳቸው አያለቅሱም፣ ያረቢ፣ አንተ ታውቃለህ ብቻ ይላሉ። አንድ ቀን ግን ወደኔ ዞረው፣ መሪጌታ፣ ልጄ ምኑን ነው የሰረቀችው፣ የሰረቀችው ነገር ካለ ልመልስላቸው አሉኝ። ክቡር ዲን ሆይ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና እኚህን እናት ቤታቸው ሄደው፣ ልጅሽ የሰረቀችው የሜታፌዝን ቦታ ነው ብለው ቢያስረዱልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ስለሆነም ልመናዬ አጭር ነው። ማርያማዊትን ይጥሯትና ከፈለጉት ምዕራፍ፣ ከሦስቱም ትምህርት፣ ያለ ወረቀት ይጠይቋት። እኔም ከበሩ ውጭ እቆማለሁ። አንዲት ጥያቄ ላይ ብትቆም፣ ይዣት እሄዳለሁ፣ ዳግመኛም ደጅዎን አልረግጥም። ከመለሰች ግን ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ያንሡልን፤ የፈርሂያንም አብረው ያንሡት፤ ምናልባት አንድ ቀን ስልክ ብታገኝና ብትደውል፣ ስምሽ ነጽቷል፣ ተመለሺ የምንላት ነገር ይኑረን።

በመጨረሻም ለኮሌጅዎ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ብቀር ኅሊናዬ አያርፍም። ቀዝቃዛው ደጋችን ድረስ ዕውቀት ይዛችሁ መጥታችሁ፣ አብሮ ማጥናት ነውር መሆኑን፣ ያልገባ ነገር ከጓደኛ አፍ መቀበል ስርቆት መሆኑን፣ ዝም ብሎ መፈረምም ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት መሆኑን ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። ስንት ዓመት ሙሉ በአንድ መጽሐፍ ብዙ ተማሪ ስናወጣ የኖርን የደብር መምህራን ሁሉ ለካ ወንጀለኞች ነበርን።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ልጆችዎንም የሚጠይቃቸው እንጂ የሚያስፈርማቸው አይግጠማቸው እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ከደጅዎ ባልራቀ ቦታ ቆሜ የምጠብቅ፣

መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ
የተማሪ ማርያማዊት አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ጨርሼ ይዤልዎት ልመጣ ስነሣ ልጄ ቀድማኝ ኮሌጅ ደርሳ ተመለሰች። ፈርማለች። አባዬ፣ ካባረሩኝ እኔም እንደ ፈርሂያ መሄዴ አይቀርም፣ እማዬ ደግሞ እንደ ወይዘሮ ፈይዛ መሆን አትችልም አለችኝ፤ ምን ብዬ ልቆጣት? የይቅርታ ደብዳቤው እንዴት እንደሚጻፍ ስላላወቀች የቢሮዎ ጸሐፊ፣ በለጥሻቸው ስትፈርም የጻፈችውን ከፋይል አውጥተው፣ ስሙን ብቻ ቀይሪና ሌላውን እንዳለ ገልብጪ፣ አንድም ቃል እንዳትለውጪ ብለው ሰጧት። እሷም የኮሌጁ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በኮሌጁ እስክሪብቶ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ወረቀት ገለበጠች። ጸሐፊዎ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው አስተያይተው፣ ትክክል ነው ብለው ማኅተም አደረጉበት።