የጉናው ቤታችንና የጎረቤት አገር እንግዶች

ጥር 4፣ ከምሳ በፊት፣ ደ/ታቦር

ፈተና አርሜ ጨረስኩ። አሁን ወደ ጥናቴ፣ ማስታወሻዬ። የጎረቤት አገር ሰዎች ለዕረፍት ሲመጡ ምን ዓይነት ማረፊያ ይመርጣሉ? ለዩኒቨርሲቲው ብቻ አይደለም። ወንድሜ ሙላት ጉና ተራራ ሥር ያለውን የአባባን የድንጋይ ቤት አፍርሶ ባለ ሴራሚክ ፔንሲዮን ሊሠራ ተነስቷል። አባባ ዝም ብለዋል። ሙላትን እስከ ጥር መጨረሻ ታገሠኝ አልኩት። እሺ አለ፣ እየከበደው።

ጥር 10፣ ጠዋት። ብርድ።

ኬንያውያን ባልና ሚስት፣ መምህራን። ያረፉበት ሆቴል ንጹሕ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ክፍል አገራችንም ሞልቷል አሉ። ምርጫቸው ተራራ የሚያሳይ መስኮት፣ የሚነድ እሳት፣ ቁርስ ከክፍሉ ጋር። አንዲት የጅቡቲ እናት ደግሞ ሌላ ናት። ከሙቀት ሸሽታ የመጣች። ክፍል ሳይሆን ሙሉ ቤት ትፈልጋለች፤ ልጆቿም እህቶቿም ባንድ ጣራ ሥር፣ ማድቤቱም የራሷ። ሴራሚክ ያነሳ የለም። ለሙላት ደወልኩ። ሳቀብኝ። ሁለት ቤተሰብ ጠይቀሽ ቤት ልታስተርፊ ነው ወይ አለ። ተናደድኩ። እውነቱን ነው ደግሞ።

ጥር 14፣ ከሰዓት

አንድ ሱዳናዊ ዶ/ር። ከሚስታቸውና ከልጃቸው ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው እዚሁ ከተማ ይኖራሉ። ጦርነቱ ነው ያመጣቸው። ይህን እያወቅሁ የተለመደውን የዕረፍት ጥያቄ ጠየቅኳቸው። አልተቀየሙም።

«ድሮ ቢሆን ሰፊ ግቢ፣ ውጭ የሚዘረጋ አልጋ እልሽ ነበር» አሉኝ። «አሁን የራሴን ቤት ነው የምመርጠው። ይኑር አይኑር ግን አላውቅም።»

ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

ጥር 17፣ እሑድ፣ ጉና

ሙላትም መጥቷል። የሰማሁትን ሁሉ ለአባባ አወራኋቸው፤ ኬንያውያኑን፣ ጅቡቲዋን። ዶ/ሩ ላይ ስደርስ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«የሱን ቤት ጦርነት ወሰደበት» አሉ። «የኔን ግን ልጆቼ ናችሁ የምትወስዱት።»

ሙላት መሬት መሬቱን አየ። እኔም። የሦስት አገር ሰው ስጠይቅ ከርሜ አባቴን አልጠየቅሁም።

«አባባ፣ እርስዎስ የት መኖር ይፈልጋሉ?» አልኳቸው።

«እዚሁ። እናታችሁ ባረፈችበት መደብ ላይ።»

ሙላት ተነስቶ ወጣ። ተቆጣ ብዬ ተከተልኩት። የድንች ማሳውን ጫፍ በእርምጃ እየለካ ነው። ለእንግዶቹ ሁለት ክፍል እዚህ ይበቃል አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። የድንጋዩ ቤት አይነካም። ነገ ለግንበኛው ይነግረዋል፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ።