ፔርሙዙ ተርፏል

ባሪሎቼ፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህን ውርጩ እንዴት አድርጎት ይሆን? የእማዬስ ሳል ለቀቃት? ታኳሬምቦ ላይ ብርዱ ጠንክሯል ሲባል ሰምቼ ስለ ጥጆቹ ሳስብ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ከወገቤ በታች ያልበለዘ ቦታ የለኝም እንጂ ደህና ነኝ። ጓደኛዬ ሮሲዮም ሰላም ብላሃለች። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ እዚህ ድረስ በመኪና ያመጣን አጎቷ ነው፤ ነገ ይመለሳል። የአብሮ አደጌን የዊልማርን ነገር ግን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፤ የምጽፍልህም በሱ ምክንያት ነው።

ለምን አልደወለችም እንዳትል። ብደውል ገና አፌን ስከፍት "ቆይ እናትሽን ላቅርብልሽ" ብለህ ታመልጠኛለህ። ደብዳቤ ከሆነ ግን መነጽርህን ፈልገህ እስከ መጨረሻው እንደምታነበው አውቃለሁ።

አርጀንቲናዎቹ በኛ ሲስቁ ነው የሚውሉት። የመጀመሪያ ቀን ሦስታችንም እንደ ልማዳችን ፔርሙዛችንን በብብታችን ሸጉጠን፣ የማቴ ሻያችንን የምንጠጣበትን ቅል በእጃችን ይዘን ተራራው ላይ ተሰለፍን። የበረዶ ሸርተቴ የሚያስተምረን ሊሳንድሮ የሚባል ነገረኛ የኮርዶባ ልጅ ነው። ገና ሲያየን "እናንተ ኡራጓዮች ከነፔርሙዛችሁ ነው እንዴ የምትወለዱት? የሸርተቴውን ዱላ በምናችሁ ልትይዙት ነው?" አለን። ዊልማር "በጥርሳችን" ብሎ መለሰለት። እኔና ሮሲዮ አፍረን አስቀመጥን። ዊልማርን ግን ታውቀው የለ፣ ላም ሲያልብ እንኳ ፔርሙዙን ከብብቱ አያወርድም።

መጀመሪያ የሰነበትነው ልጆች በሚማሩባት ዝቅ ያለች ቁልቁለት ላይ ነው። አባዬ፣ እኔ ወደቅሁ! በጎኔ፣ በፊቴ፣ በመቀመጫዬ ወደቅሁ። አንዴ እንዲያውም ወረፋ የያዙ ሰዎች መሀል ገብቼ አንድ ሽማግሌ ይዤ ወደቅሁ። ሰውዬው እላያቸው ላይ እንዳለሁ "ልጄ፣ ቢያንስ ስምሽን ንገሪኝ" አሉኝ። ስቄ ስቄ መነሳት አቃተኝ። እንግዲህ ፈሪ ሆነች የምትሉኝ እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገርህና፣ ከባዝራዋ ወድቄ እግሬ ከተሰበረ ወዲህ እኔም ፈሪ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። ባዝራዋን ለጎረቤታችን ለዶን አኒባል ስትሸጥ ዝም አልኩ። "የከብት ሥራ ላንቺ አይሆንም፣ ሞንቴቪዴዮ ሄደሽ ሒሳብ አያያዝ ተማሪ" ስትለኝም እሺ አልኩ።

ማክሰኞ ዕለት ዊልማርን "ይሄ የሕፃናት ነው፣ ና ከላይ እንውረድ፣ ምንም አትሆንም" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። እሱ ቀድሞ ወረደ፣ ፔርሙዙ በብብቱ። መሀል ላይ ሲደርስ እግሩ ከዳው። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት እጁን ዘርግቶ ይወድቅ ነበር። ዊልማር ፔርሙዙን እንደ ሕፃን አቅፎ በአንድ እጁ ብቻ አረፈ፤ የእጁ አንጓ ተሰነጠቀ። ከላይ ሆኜ ሁሉንም አየሁት። አጠገቡ ስደርስ ፊቱ አመድ መስሎ "አይዞሽ፣ ፔርሙዙ ተርፏል" አለኝ። ሊሳንድሮ እየሳቀም እየተሳደበም በቃሬዛ አወረደው። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

በማግስቱ እጁን በጀሶ ታሽጎ፣ "ሐኪሟ ዱላ ሳልይዝ በዝቅተኛዋ ቁልቁለት እንድወርድ ፈቅዳልኛለች" ብሎ ሊወጣ ተነሳ። ጫማውን አልጋዬ ሥር ደበቅሁበት። "አትወጣም! አበቃ!" ብዬ ጮህኩበት። ሊያኮርፍ ሲል ማቴ ቀዳሁለት። አንዴ መጥጦ ቅሉን መለሰልኝና "አመሰግናለሁ" አለ። በመጀመሪያው! ሁለተኛ ካንቺ እጅ አልጠጣም ማለቱ ነው፤ እኛ ዘንድ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ከዚያ ምን አለኝ መሰለህ? "የተሰነጠቀው የኔ እጅ ነው። የደነገጥሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ስለደነገጥሽ እኔ ለምን እታሰራለሁ?"

አባዬ፣ አልጋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ግን ለዊልማር አልነበረም። አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ። "ፈረስ መቀለብ ኪሳራ ነው" እያልክ ላሞቹን በሞተር ሳይክል የምትነዳው አንተ፣ ዕድሜህን ሙሉ ከኮርቻ ወርደህ የማታውቀው። ትንሽ ሳነክስ ስታይ ወደ ጓሮ የምትወጣው አንተ።

ለእማዬ "ባዝራዋ ደንብራ ነው" አልናት። አንተ የጫንከው ኮርቻ ሆዷ ሥር መዞሩን ግን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚያ ጠዋት አንዲት ቃል ተነጋግረን አናውቅም፤ አሁንም ተናገር አልልህም። ስለ መውደቄ አንድም ቀን አዝኜብህ አላውቅም። ያዘንኩብህ ባዝራዋን ስትሸጣት ነው።

ለዊልማር ይቅርታ ጠይቄ ጫማውን መለስኩለት። ከታች ቆሜ ሲወርድ አየሁት። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ቆሞ ማየት ከባድ ነው፣ አሁን ገብቶኛል።

ስለዚህ ቁርጤን ልንገርህ። ሞንቴቪዴዮ አልሄድም። ትምህርት ቤቱ ቦታዬን ለፈለገ ይስጠው። ትናንት ለዶን አኒባል ደውዬ ባዝራዋን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። "አባትሽ ያውቃል?" አሉኝ። "ደብዳቤው ሲደርሰው ያውቃል" አልኳቸው። ሳቁና እሺ አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ጠዋት ይዘዋት ይመጣሉ፤ እኔም ተቀምጬባት ላሞቹን ወደ ታችኛው መስክ እነዳለሁ። ብትቆጣም እነዳለሁ፣ ብታኮርፍም እነዳለሁ።

እማዬን ሳምልኝ። ዝናቡ በልኩ ይዝነብልህ፣ ከብቶችህ ጤና ይሁኑ፣ ጉልበትህንም እግዜር ያበርታልህ፤ አንተ ባታምንበትም እኔ ለምኜልሃለሁ።

እሁድ ጠዋት ግን ወደ ከተማ ጉዳይ አለኝ ብለህ እንዳትጠፋብኝ። ዶን አኒባል "እኔ ጭኜልሽ እመጣለሁ" ብለውኝ ነበር፣ እምቢ አልኳቸው። ኮርቻውን የምትጭንልኝ አንተ ነህ።

እሺ የማትልህ ልጅህ